መልስ፦ ከሱባኤ በኋላ ስለሚመጣ ባዶነት

ወንድሜ፣ «ከሱባኤ ከወጣሁ ወዲህ ጸሎቱም ሥራውም አልጥም አለኝ፤ እኔ የምለው ሰው የጠፋ ያህል ነው» ላልከው፤ አባቶች ይህን ሀኬት፣ ማለትም የመንፈስ መታከት፣ ይሉታል። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኢቫግርዮስ «የቀትር ጋኔን» ብሎ፣ ከ4 እስከ 8 ሰዓት እንደሚበረታ ጽፏል። ሰዓቱ ልክ እንደ እኛ አቆጣጠር ነው፤ ከረፋዱ ጀምሮ ማለት ነው።

አባ እንጦንስ ይኸው ሲገጥማቸው የታያቸው መልአክ ተቀምጦ ገመድ ይጎነጉናል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። አንተም ጸሎቱን አሳጥረው እንጂ አትተወው፦ አንድ መዝሙረ ዳዊት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት የእጅ ሥራ፤ ልብስ ማጠብም ይሁን አትክልት መኮትኮት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ጣዕሙ እንዲመለስ ብለው ጾሙንና ስግደቱን ሲጨምሩ ነው። እንቅልፍ ያጣ አካል ድንዛዜውን ያባብሰዋል፤ ቢያንስ 7 ሰዓት ተኛ።

ትሕትና «እኔ የለሁም» ማለት አይደለም። ትሑት ሰው ይርበዋል፣ ይስቃል፣ ወዳጁን ይናፍቃል። ይህ ሁሉ ከጠፋብህ ለንስሐ አባትህ ሳትደብቅ ንገራቸው።

ስሜቱ ቀኑን ሙሉ እየዋለ 2 ሳምንት ካለፈው የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂድ፤ የሞት ሐሳብ ከመጣ ግን በዚያኑ ቀን። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም።