ጥያቄና መልስ፦ በወርኃ ጽጌ እንዴት እናንብብ? እንዴትስ እናድምጥ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። ኮምቦልቻ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ፤ እሑድ እሑድ ወላጆቼ ወዳሉበት ወደ ደሴ እወጣለሁ። በሥራም በመንገድም ስብከትና መዝሙር ከጆሮዬ አይለይም፤ ውዳሴ ማርያምና አንድ ንጉሥ ዳዊትም በየቀኑ ለማድረስ እሞክራለሁ። ሆኖም ማታ ላይ ምን ሰማሽ፣ ምን አነበብሽ ብባል የምመልሰው የለኝም። በአበባው ወራት የእመቤታችንን ስደት የምናስብበትን ጾመ ጽጌን ጀምሬያለሁ፤ በሌሊት ፈረቃ ምክንያት ግን ማኅሌት፣ የሌሊቱን ዝማሬ፣ መቆም አልቻልኩም። ቃሉ በልቤ እንዲያድር እንዴት ላንብብ፣ እንዴትስ ልስማ?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ የጀመርሽውን የጸሎት ልማድ አትተዪው። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የተሰጠን በየቀኑ እንድናደርሰው ነው፤ አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ ማለትም ዐሥር መዝሙር፣ መድገምም ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጸሎት ማድረስና አንድን ቃል ይዞ ማሰላሰል የተለያየ ጊዜ የሚፈልጉ ሥራዎች ናቸው፤ አንቺም የጎደለብሽ ሁለተኛው ይመስለኛል። የምትሰሚውና የምታነቢው አላነሰም፤ እንዲያውም በዝቶ አንዱ ሌላውን እያስረሳሽ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የሀገራችንን ሰው፣ የኢትዮጵያዊቱን ንግሥት የህንደኬን ጃንደረባ፣ አስቢው። እርሱም እንዳንቺ መንገደኛ ነበር፤ ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ነቢዩ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ጃንደረባው ሲያነብ ወንጌላዊው ፊልጶስ ሰማው ይላልና ድምፁን አውጥቶ ያነብ እንደ ነበር እናስተውላለን። «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ተብሎ ሲጠየቅ አላፈረም፤ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ መምህሩን ከአጠገቡ አስቀመጠ፤ ጥያቄውም ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ማን ነው የሚል፣ በዚያው ባነበበው ክፍል ላይ ብቻ የቆመ ነበር። ከዚያች ጥያቄ ተነሥቶ እስከ ጥምቀት ደረሰ። ስለዚህ ድምፅሽን አውጥተሽ፣ ጥቂት ብቻ አንብቢ፤ ያልገባሽንም ጽፈሽ ያዢና የንስሓ አባትሽን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርሽን ጠይቂ። ማንበብ በሚማሩበት በቤተ ክርስቲያን የንባብ ቤትም ተማሪው የመጀመሪያይቱን የዮሐንስ መልእክት በተለያየ የንባብ ስልት፣ መጀመሪያ በግዕዝ ንባብ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ ከዚያም በቁም ንባብ እየደጋገመ ይዘልቃታል እንጂ አንድ ጊዜ አንብቦ አያልፋትም።

ምን ላንብብ ካልሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ራሷ የመረጠችልሽ አለ። በቅዳሴ ከወንጌል በፊት ዲያቆኑ የሚሰብከው ምስባክ፣ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደው ቃል፣ አጭር ነው፤ ከዕለቱ ወንጌልም ጋር ይሄዳል። እሑድ የተሰበከውን ምስባክና የተነበበውን ወንጌል ከቅዳሴ በኋላ ዲያቆኑን ጠይቂና ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ያዢ። በዘመነ ጽጌ ከሚሰበኩት አንዱ «ሰብእሰ ከመ ሣዕር መዋዕሊሁ» የሚለው ነው፤ በግዕዙ ዳዊት 102፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ 103 ቁጥር 15 ላይ ታገኚዋለሽ። ሰው ዘመኑ እንደ ሣር ነው፣ እንደ ዱር አበባም ያብባል፣ ነፋስ በነፈሰበት ጊዜም ያልፋል ይላል። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የሜዳ አበቦችን ልብ አድርገን እንድንመለከት አዝዞናል። ይህ ትእዛዝ ነውና ፈጽሚው፤ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስትወጪ ስልክሽን ዝጊና በመስኮት ተመልከቺ። በመስከረም ዳገቱን ቢጫ ያለበሰው አደይ አበባ ጥቅምት እየገፋ ሲሄድ ቅጠሉ ይረግፋል፤ በዘንጉ ጫፍ ላይም ፍሬው ብቻ ይቀራል። በየሳምንቱ ይህን እያየሽ ያንኑ ምስባክ በቃልሽ ብትደግሚው፣ ስለ ዘመንሽ ማጠርም፣ አበባውን እንዲህ ስለሚያለብሰው አምላክ አሳቢነትም፣ እኔ በብዙ ገጽ ከምጽፍልሽ የበለጠ ትማሪያለሽ።

ማዳመጥን በተመለከተ፣ በሥራ ላይ መዝሙር መስማት ነውር የለበትም፤ ማሽኑ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ለራስሽም ለባልደረቦችሽም ደኅንነት ስትዪ ጆሮሽን ነፃ አድርጊ። ስብከትን ግን እንደዚያ አትስሚው። ጌታችን «እንዴት እንድትሰሙ ተጠበቁ» ያለው በሉቃስ 8 የዘሪውን ምሳሌ ከተናገረ በኋላ ነው፤ በእሾህ መካከል የወደቀው ዘርም በቅሎ ነበር፣ የታነቀው አብሮት በበቀለው ብዛት ነው። በሳምንት አንድ ትምህርት ምረጪ፤ ተቀምጠሽ ስሚው፤ ሲያልቅ ሌላ ሳትከፍቺ ለጥቂት ደቂቃ ዝም በዪ፤ በማግሥቱም ያንኑ ድገሚው። እመቤታችን እረኞቹ የተናገሩትን ሁሉ በልቧ እያሰበች ትጠብቀው ነበር ተብሎ የተጻፈላት ናት፤ ወሩ የእርሷ ስደት የሚታሰብበት ነውና ይህን ከእርሷ መማር የጽጌ ሥራ ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ ጾመ ጽጌ ከሰባቱ የዐዋጅ አጽዋማት የማይቆጠር የፈቃድ ጾም ስለሆነ፣ የሌሊት ፈረቃ ካደከመሽ ከንስሓ አባትሽ ጋር ተመካክረሽ በአቅምሽ ጹሚ። ማኅሌቱም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት ውስጥ በየሳምንቱ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ የሚቆም ስለሆነ፣ የቀን ፈረቃ በሚደርስሽ ሳምንት አንዱን ሌሊት ሙሉ ቁሚ። ከመሄድሽ በፊት የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን ከቁጥር 13 እስከ 23 አንብቢ፤ ግዕዙ ባይገባሽም ሊቃውንቱ ግብፅን፣ ሄሮድስንና ዮሴፍን ሲጠሩ ታውቂያለሽ፤ ያላወቅሽውንም ሲነጋ ከመሪጌታው ትጠይቂያለሽ።