ለታሰረ ከንቲባ ሐውልት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በቅርቡ ዋሽንግተን እህቴ ጋ ሄጄ ነበር። ፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ፣ የማሪዮን ባሪን የነሐስ ሐውልት አየሁ። እህቴ «የቀድሞ ከንቲባ ነው፣ በዕፅ ታስሯል» አለችኝ። ለታሰረ ሰው እንዴት ሐውልት ይቆማል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህትሽ እውነቷን ነው። በፈረንጆቹ ጥር 1990 ሆቴል ውስጥ ክራክ የሚባለውን የኮኬይን ዓይነት ሲያጨስ ኤፍቢአይ በድብቅ ካሜራ ቀርጾ ያዘው። ስድስት ወር ተፈረደበት።

ያኔ እዚያው ከተማ ታክሲ እነዳ ነበር። በተያዘ ማግስት አንዲት ጠና ያሉ ጥቁር ሴትዮ ይዤ ወደ አናኮስቲያ ሰፈር ስሄድ ራዲዮኑ የሚያወራው ስለ እሱ ብቻ ነው። ይረግሙታል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ልጆቻቸውን በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ሦስቱም የመጀመሪያ ደሞዛቸውን ያገኙት ባሪ ለወጣቶች በትምህርት ዕረፍት ወራት ባመጣው የሰመር ሥራ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ዝም አሉ። ሲወርዱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

ባሪ በ1936 ሚሲሲፒ ውስጥ ከድሃ ገበሬ ቤት የተወለደ ሰው ነው። ልጅ ሆኖ ጥጥ ለቅሟል። በኬሚስትሪ ማስተርሱን ቢይዝም ላብራቶሪ ውስጥ አልቀረም፤ ለጥቁሮች መብት የሚታገሉ ተማሪዎች በ1960 ላቋቋሙት ኮሚቴ የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሆነ። በ1979 ከንቲባ ሲሆን የከተማውን ልጆች በሰመር ሥራ ማስገባት ጀመረ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሣው የ1968ቱ ረብሻ የተቃጠለው ዩ ስትሪት የሚባል ጎዳና ላይ ማንም ገንዘቡን ማፍሰስ ሲፈራ፣ እሱ በ1986 ትልቅ የመንግሥት ሕንፃ አቆመበት። እህትሽ እዚያ አካባቢ ካሉት የእኛ ምግብ ቤቶች ክትፎ ጋብዛሽ ከሆነ፣ ሕንፃው የቆመበት ቦታ ጥቂት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው።

ግን ጥፋቱን አላቃልልም። በ1989 ብቻ ከ400 በላይ ሰው የተገደለበት ከተማ ነበር፤ ብዙው ግድያ ከክራክ ንግድ ጋር የተያያዘ። እናቶች ልጆቻቸውን እየቀበሩ ከንቲባው ያንኑ መርዝ ያጨሳል? ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሕዝቡ ግን በ1992፣ ከእስር በወጣበት ዓመት፣ የከተማው ምክር ቤት አባል አድርጎ መረጠው። በ1994 ደግሞ እንደገና ከንቲባ። በ2014 በ78 ዓመቱ ሲሞት የድሆቹን ሰፈር፣ ዋርድ 8ን፣ በምክር ቤት ወክሎ ነበር። ሐውልቱ የቆመው በ2018 ነው። የሰመር ሥራው ዛሬም አለ፣ በስሙ ነው የሚጠራው። የእነዚያ ሴትዮ የልጅ ልጆችም ሳይመዘገቡበት አይቀሩም።