ላይትሩም የላከውን ፎቶ ፎቶሾፕ አልቀበልም ሲል

ጥያቄ፦ የሠርግና የምርቃት ፎቶ አንሺ ነኝ። ፎቶዎቹን በላይትሩም ከመረጥኩና ቀለማቸውን ካስተካከልኩ በኋላ ፊትና ዳራ ለማሳመር ወደ ፎቶሾፕ እልካቸዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ ፎቶሾፕ ቢከፈትም ፎቶው አይመጣም፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጨርሼ ላስቀምጥ ስል ፈቃድ እንደሌለኝ የሚገልጽ መልእክት ይወጣል። ጥገና ቤት ስጠይቅ ፎቶሾፕን «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» በሚለው እንድከፍተው ተነገረኝ፤ ለጊዜው ተሻለኝ ስል ችግሩ ተመለሰ። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 11 ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የተሰጠዎት ምክር አንዱን ችግር ሸፍኖ ሌላ የሚፈጥር ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር። ዊንዶውስ ቪስታ ከተባለው እትሙ ጊዜ ጀምሮ በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን የተከፈተን ፕሮግራም በላይኛው እርከን፣ በተራ ተጠቃሚነት የተከፈተውን ደግሞ በታችኛው ያስቀምጣል፤ ጎጂ ሶፍትዌር የሌላውን ሥልጣን እንዳይጠቀምበትም ከታች ያለው ከላይ ላለው ትእዛዝ እንዳያስተላልፍ ይከለክላል። ላይትሩም ከታች፣ ፎቶሾፕ ከላይ ሲሆኑ ፎቶሾፕ ተከፍቶ ፎቶው የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ለማረጋገጥ አንድ ፎቶ ከፎልደሩ ጎትተው ፎቶሾፕ ላይ ለመጣል ይሞክሩ፤ አልወድቅ ካለ ምክንያቱ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በፎቶሾፕ ምልክት ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎም «ኮምፓቲቢሊቲ» ውስጥ ይግቡና የአድሚኒስትሬተሩን ምልክት ያንሱ። በላይትሩምም ላይ ካለ እንዲሁ ያድርጉ።

ማስቀመጥ የሚከለክልዎት ግን አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ሳይሆን ፎቶው ያለበት ፎልደር ነው። ላይትሩም ለፎቶሾፕ የሚያዘጋጀው ቅጂ የሚቀመጠው ከዋናው ፎቶ ጎን ስለሆነ፣ በዚያ ፎልደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ ከሌለዎት ሥራው እዚያው ይቆማል። ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አደራጅ ሥርዓት በተዘጋጀ ዲስክ ላይ ኮፒ የተደረገ ፋይል የአዲሱን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል፤ በዚያው ዲስክ ውስጥ «ከት» ተደርጎ የተዛወረ ግን መሸኛ ሳይዝ ቀበሌ እንደቀየረ ሰው በድሮ መታወቂያው ይቀጥላል። ስለዚህ ረዳትዎ በራሱ አካውንት ያስገባቸውን ፎቶዎች ወደ እርስዎ ፎልደር ቢያዛውር፣ ወይም ከቀድሞ ኮምፒውተርዎ የተነቀለ ሃርድ ዲስክ ቢሰኩ፣ ፎቶዎቹን እያዩ ማስቀመጥ ሊያቅትዎት ይችላል። ችግሩ ጠፋ ሲሉት ከአዲስ ሥራ ጋር የሚመለሰውም ለዚህ ይመስለናል።

መፍትሔው የፎቶዎቹን ዋና ፎልደር አንድ ጊዜ በደንብ ማስተካከል ነው። «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሴኪዩሪቲ»፣ «አድቫንስድ» እያሉ ሲገቡ በ«ኦውነር» ትይዩ የእርስዎ ስም ሳይሆን «ኤስ-1-5-21» ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ካገኙ ባለቤቱ ይህ ኮምፒውተር የማያውቀው የድሮ አካውንት ነው። ባለቤትነቱን ወደ ራስዎ ያዙሩ፣ ለአካውንትዎ «ሞዲፋይ» የሚለውን ፈቃድ ይስጡ፣ ከዚያም ለውጡ በውስጡ ላሉት ፎልደሮችና ፋይሎች ሁሉ እንዲደርስ የሚያደርገውን ከታች ያለ ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። ይህን ሳጥን የሚዘነጋ ብዙ ነው። ከእንግዲህም ከረዳትዎ የሚመጣውን ኮፒ ያድርጉ እንጂ «ከት» አያድርጉ። በሲ ድራይቭ ላይ በሙሉ ለ«ኤቭሪዋን»፣ ማለትም ለማንኛውም ተጠቃሚ፣ ሙሉ ፈቃድ ይስጡ የሚል ምክር ቢደርስዎት ግን አይቀበሉት፤ የኮምፒውተሩን ጥበቃ ማፍረስ ነው።

ሁለቱን ካስተካከሉ በኋላም «ፒክቸርስ» ወይም «ዶክዩመንትስ» ውስጥ ብቻ እምቢ ካለዎት በ«ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ያለውን «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» ይመልከቱ። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ ከሚጠይቁ ቫይረሶች ለመከላከል በ2017 እ.ኤ.አ. በዊንዶውስ 10 የመጣ ጥበቃ ሲሆን፣ ሰው ካልከፈተው በራሱ አይሠራም። ፎቶሾፕን አግዶ ከሆነ በ«ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» ስሙን ያገኙታል፤ ጥበቃውን ከመዝጋት ይልቅ ፎቶሾፕንና ላይትሩምን ከተፈቀደላቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ። ዝርዝሩ ፕሮግራምን የሚያውቀው በተጫነበት ቦታ ስለሆነ፣ የአዲስ ዓመት ቁጥር የያዘ የፎቶሾፕ እትም በአዲስ ፎልደር ሲጫን ፈቃዱ አብሮት አይሄድምና እንደገና ያስመዝግቡት።