ስለ ቱርሳፍሎኩር የመጀመሪያ አልበም ለጠየቃችሁኝ

የአይስላንዱን ባንድ የቱርሳፍሎኩርን ሙዚቃ ካጋራኋችሁ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። በባንዱ ስም የተሰየመውን የ1978ቱን የመጀመሪያ አልበማቸውን ለዓመታት ስሰማው ስለኖርኩ የማውቀውን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስሙ ምን ማለት ነው? መጥራቱ ራሱ አቃተኝ።

ሙሉ ስማቸው «ሂን ኢስሌንዝኪ ቱርሳፍሎኩር» ነው። «ቱርስ» በአይስላንድ ተረት ውስጥ ያለ ግዙፍ ፍጡር ነው፤ «ፍሎኩር» ደግሞ ጭፍራ ወይም ቡድን። ስለዚህ «የአይስላንድ ግዙፋን ጭፍራ» እንደማለት ነው። የመጀመሪያዋን ድምፅ የኛ «ት» አትተካትም፤ ምላስ በጥርስና በጥርስ መሃል ገብቶ ነው የምትወጣው።

ከስሙ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አይስላንዶች ዜድ የምትባለዋን ፊደል ከአጻጻፋቸው ያስወጧት በ1973 ነው። ባንዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ሆኖ ሳለ ስሙን በዜድ ጻፈው። የተጣለችውን ፊደል ሆን ብለው አነሷት። ከሙዚቃውም ጋር ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ የሁሉም ስም በ«ሶን» ነው የሚያልቀው። ወንድማማቾች ናቸው እንዴ?

አይደሉም። አብዛኞቹ አይስላንዶች እንደኛው በአባት ስም ነው የሚጠሩት። ኦላፍሶን ማለት የኦላፍ ልጅ ማለት ነው። የታተመው የስልክ ማውጫቸው እንኳ ይደረደር የነበረው በራስ ስም ነበር። ስለዚህ ስለ ኤጊል ኦላፍሶን ስታወሩ «ኤጊል» በሉት፤ አገሩም እንደዚያ ነው የሚለው።

በባንዱ ኤጊል ዘፋኝ ነበር፣ ኪቦርድም ይጫወት ነበር። ጊታሩ የቶርዱር አርናሶን ነበር። ቶማስ ቶማሶን ቤዝ፣ አስጌይር ኦስካርሶን ድራም ይመቱ ነበር። ሩናር ቪልበርግሶን ባሱን ይነፋ ነበር።

ጥያቄ፦ ባሱን ያልከው ኦርኬስትራ ውስጥ ያለውን ነው?

አዎ፣ እሱን ራሱን። ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ ድምፁ ወፍራም የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ። በሮክ ውስጥ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ግሪፎንና ሄንሪ ካው የተባሉት የእንግሊዝ ባንዶችም ተጠቅመውበታል። ግን እዚህ አልበም ላይ ሥራው ሌላ ነው። እስቲ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። አንድ ሽማግሌ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጎርነን ባለ ድምፅ ዘፈኑን ከሥር የሚያጅብ ይመስላል። እኔን ከሁሉም በላይ የያዘኝ ይህ ድምፅ ነው።

ጥያቄ፦ ዘፈኖቹን የደረሰው ማን ነው?

የምወደው ጥያቄ መጣ። የአልበሙ መሠረት የአይስላንድ የጥንት ዜማና ግጥም ነው። ያንን ዜማ ከመጥፋት ካዳኑት ሰዎች ዋነኛው ብያርኒ ቶርስቴይንሶን ነው። ሲግሉፍዮርዱር በምትባል የሰሜን ከተማ ያገለግል የነበረ ቄስ ነው። ለዓመታት ከሰው አፍና ከብራና ዜማ ሲለቅም ቆይቶ፣ ከ1906 እስከ 1909 ሺህ ገጽ ገደማ የሚሆን ስብስብ አሳተመ።

ማዳን ለምን አስፈለገ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦርጋን ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲገባ አዲስ አዘማመር ይዞ መጣ። የድሮው ዜማ እንደ ኋላቀር ይታይ ጀመር። ሰው በገዛ አያቶቹ ዜማ አፈረ።

ከዚያ ከድሮው ውስጥ «ትቪሶንጉር» የሚባል አለ፤ የሁለት ሰው ዜማ ነው። አንዱ «ዶ» ሲል ሌላው «ሶል» ይላል፣ እንዲህ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። መሃል ላይ ይተላለፉና የታችኛው ላይ፣ የላይኛው ታች ይሆናል። መሣሪያ የለም፣ ሁለት ጉሮሮ ብቻ። በብዙዎቹ ዜማዎች ደግሞ ከ«ዶ» ስትነሱ አራተኛዋ ድምፅ፣ «ፋ»፣ ከለመድነው በግማሽ ድምፅ ከፍ ትላለች። ለለመደ ጆሮ የተሳሳተ ነው የሚመስለው። ሁለት ሦስቴ ሲሰሙት ግን ቦታው እዚያ መሆኑ ይገባል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይሄ ፕሮግረሲቭ ሮክ ነው ወይስ የባህል ሙዚቃ?

ፕሮግረሲቭ ሮክ ማለት ውስብስብ አካሄድ ያለው የሮክ ዓይነት ነው። ብዙ ሰው የሮክ ባንድ የባህል ልብስ ለብሶ የመጣ አድርጎ ያየዋል። እኔ አልስማማም። የሚገርመን ያልተለመደው አካሄድ፣ የማይጠበቀው ኖታ፣ ግማሹ ከአሮጌው ዜማ ራሱ የመጣ ነው። ባንዱ ዜማውን ወደ አራት ምት አስገብቶ አላስተካከለውም። ድራሙና ቤዙ ናቸው ዜማውን ተከትለው የሚታጠፉት። ለዚህ ነው አልበሙ ዛሬም ያላረጀው የምለው።

ጥያቄ፦ ከጄንትል ጃያንት ኮርጀዋል የሚሉ አሉ።

ጄንትል ጃያንት የእንግሊዝ ፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ ነበር። ንጽጽሩ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ውስብስብ አደራደሩ ላይ መመሳሰል አለ። ኩረጃ ግን አይደለም። ጄንትል ጃያንት ያ የሁለት ጉሮሮ ዜማ የለውም።

ጥያቄ፦ ቋንቋውን አላውቅም። ምን ልስማ?

አልበሙ የሚከፈትበትን «ኤይንሴቱማዱር ኤይኑ ሲኒ»ን አስቀድሙ። ርዕሱ «በአንድ ወቅት አንድ ባሕታዊ» ማለት ነው። ቀጥሎ «ስቶዱም ትቮ ኢ ቱኒ»፣ «ሁለታችን መስኩ ላይ ቆመን»። ይህ ግጥም የተወሰደው ከቪግሉንዱር ሳጋ፣ ከመካከለኛው ዘመን የፍቅር ታሪክ ነው። ቪግሉንዱርና ኬቲልሪዱር ይዋደዳሉ፣ መለያየት ይመጣባቸዋል። ቤቱ አጠገብ ባለው የሣር መስክ ላይ ይቆማሉ። እሷ አቅፋው ምርር ብላ ታለቅሳለች፣ እንባዋን በነጭ ጨርቅ ትጠርጋለች። ይኸው ነው። ይህንን ይዛችሁ ስሙት፤ የቀረውን ድምፁ ይነግራችኋል።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላስ?

በ1979 «ቱርሳቢት» ወጣ። ቃል በቃል «የግዙፉ ንክሻ» ነው፤ አይስላንዶች የወገብ ሕመምን የሚጠሩበት ቃል ነው። በ1980 የመድረክ ቅጂ፣ በ1982 ደግሞ ሌላ የስቱዲዮ አልበም ተከተለ። ኤጊል፣ ቶርዱር፣ ቶማስና አስጌይር በአገራቸው እጅግ ተወዳጅ በሆነው በስቱድሜን ባንድም ተጫውተዋል። ቱርሳፍሎኩሮች በ2008 ካፑት ከተባለው የሙዚቃ ቡድን ጋር ሬይክያቪክ ላይ ተገናኝተው ተጫወቱ። ቶማስ በ2018 አርፏል።

ጥያቄ፦ ፈልጌ አጣሁት።

በላቲን ፊደል ስትፈልጉ «ኢስሌንዝኪ» የሚለውን በኤስ ጽፋችሁት ይሆናል። በዜድ ሞክሩት።