ክንዴን የላጨች ሰንጢ አንገቴን ለምን አቃጠለችው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። በከባድ መኪና ላይ ረዳት ሆኜ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ እመላለሳለሁ። አያቴ ሲያርፉ ከኪሳቸው የማትለይ አንዲት ሰንጢ ለእኔ ደረሰችኝ። በድንጋይ ስያት የክንዴን ፀጉር እንደ ምላጭ ትወስዳለች። ባለፈው መንገድ ላይ አድረን ምላጭ ስላልነበረኝ በእሷው ጢሜን ተላጨሁ። ጉንጬ ላይ ደህና ነበረች፤ አንገቴ ግን እንደ እሳት ነደደ፣ በሦስተኛው ቀንም ሽፍታ ወጣብኝ። ጥፋቱ የሰንጢዋ ነው ወይስ የእኔ? ሾፌሬ ደግሞ «እኔንም ላጨኝ» ይለኛል። ልላጨው?
ረዳቱ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽር ልጄ፣ ሽፍታው ይድናል። የሾፌርህን ጉዳይ ግን አስቀድሜ ልቁረጠው፦ አትላጨው። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሃለሁ።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሰው ፀጉርና ጢም ሳስተካክል ከ40 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሥራውን የተማርኩት በታጣፊ ምላጭ ነው። መምህሬ የሰው ፊት ከማስነካቱ በፊት ሦስት ወር ሙሉ ያስላጨኝ የሳሙና አረፋ የተቀባ ፊኛ ነበር። ፊኛው ሲፈነዳ አይቆጣም፤ ሌላ ነፍቶ ይሰጠኛል። እጄ ስለትን ማክበር የለመደው በዚያ ነው።

ክንድ ላይ መሞከር ሁላችንም የምናደርገው ነገር ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ያሳሳተ ፈተና ነው። የክንድ ፀጉር ስስ ነው፣ ከቆዳው ሥር ጡንቻና አጥንት ስላለ ቦታው አይሸሽም። ጢም ወፍራም ነው። አቅጣጫውም አንድ አይደለም፦ ጉንጭ ላይ ወደ ታች፣ ከመንጋጋ ሥር ወደ ጎን፣ ጉሮሮ ላይ ደግሞ በብዙ ሰው ወደ ላይ ይበቅላል። አንተ ከላይ ወደ ታች ስትላጭ ጉንጭህ ላይ ከፀጉሩ ጋር ሄድክ፣ አንገትህ ላይ ሳታውቀው በተቃራኒው ሄድክ።

ከዚያ የብረቱ አሠራር አለ። የእኔን ታጣፊ ምላጭ በጎን ብታየው ከጀርባው ወደ አፉ እየሳሳ ይወርዳል። ሁለቱ ጎኖች አፉ ላይ ሲገናኙ የሚሠሩት ማዕዘን 16 ወይም 17 ዲግሪ ገደማ ነው። ሲሳልም ጀርባውና አፉ አንድ ላይ ድንጋዩን ስለሚነኩ የሳዩ እጅ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ማዕዘኑ አይዛነፍም። ሰንጢ ግን ገመድ እንዲቆርጥ፣ እንጨት እንዲጠርብ ስለሚሠራ አፉ ወፍራም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ይሆናል። ምላጭ ፊት ላይ የሚያዘው ወደ 30 ዲግሪ ጋደል ተደርጎ ነው። ሰንጢህን እንደዚያ ብታጋድማት ወፍራሙ የአፏ ትከሻ ቆዳህ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ፀጉሩን በወጉ አያገኘውም። ስለዚህ ሳታስበው ቀና ታደርጋታለህ። ቀና ስትል መቁረጧን ትታ መፋቅ ትጀምራለች፤ የቆዳውን የላይኛውን ስስ ሽፋን ከፀጉሩ ጋር ይዛ ትሄዳለች። ጉንጭ ሜዳ ነውና ቻለው፤ አንገት ግን ጎርባጣ ነው።

በምን ድንጋይ እንደሳልካት አልጻፍክልኝም። የቤት ሞረድ ወይም የወንዝ ድንጋይ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በል። በሸካራ ድንጋይ የተሳለ ብረት ጫፉ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ዘርፍ ያወጣል። ያ ዘርፍ የክንድ ፀጉርን ጥርግ አድርጎ ይወስድና ባለቤቱን ያታልላል። ጢም ሲያገኝ ይታጠፋል፣ ይሰበራል፤ ከዚያ ወዲያ ፊትህ ላይ የሚሄደው መጋዝ ነው።

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግርህ። ወጣት ሳለሁ ለሚዜነት ባቲ ወርጄ የመላጫ ዕቃዬን ደሴ ረስቼው ነበር። ቤት ውስጥ ያገኘሁትን ሰንጢ ስዬ፣ እንደ አንተው ክንዴ ላይ ሞክሬ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በልብስ ሳሙና ተላጨሁ። ከግራ መንጋጋዬ ሥር የጥፍር ያህል ጠባሳ ዛሬም አለች። ሥራ ልማር ብሎ የሚመጣ ልጅ ሁሉ ከምላጩ በፊት እሷን ያያል።

እንግዲህ መንገድ ላይ ምላጭ ብታጣ ጢምህን ተወው። የሦስት ቀን ጢም ይዞ ሚሌ መድረስ ነውር አይደለም። ደግሞም ባለ ሁለት አፉ ስስ ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ፓኬት ከነመያዣው ብዙ ቦታ አይይዝም። መኪናው ውስጥ አስቀምጥ።

ሰንጢዋ የአያትህ ማስታወሻ ስለሆነች በእሷ መላጨት የምትፈልገው ለፍቅር ከሆነ ግን ይገባኛል፤ እኔም የመምህሬን ምላጭ እስከ ዛሬ በዘይት እየጠረግሁ አስቀምጫለሁ። እንደዚያ ከሆነ ሥራዋን ለይላት። ሥጋና ሽንኩርት የምትቆርጥ ሰንጢ ፊት አትነካም። ቁጥሩ 1000 በሆነ ድንጋይ ጀምረህ 8000 በሆነ ለስላሳ ድንጋይ ጨርስ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እጅህ ያንኑ ማዕዘን ይያዝ። ቀጥሎ በተወጠረ የቆዳ ቀበቶ ላይ ጀርባዋን አስቀድመህ አፏን አስከትለህ 40 ወይም 50 ጊዜ አመላልሳት። አፏን አስቀድመህ ከገፋሃት ቀበቶውን ትቆርጣለህ፣ ስለቷንም ትገድላለህ። መሳሏን ለማወቅ ክንድህን ተወውና አንድ የራስ ፀጉር በሁለት ጣት አንጠልጥለህ አፏን አስነካው። ሳትጎትት ከቆረጠችው ደርሳለች።

ፊትህን በሞቀ ውሃ ታጠብ፣ የረጠበ ፎጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ አቆይበት። ጢም ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ደረቅ ጢም ላይ ግን ምርጥ ስለት እንኳ ይቸገራል። አረፋውን አብዛው፣ ቆዳውን በሌላው እጅህ ወጥር፣ ስለቷን በአጭር በአጭሩ እያስኬድክ ከፀጉሩ አቅጣጫ ጋር ሂድ። ከጉንጭ አትለፍ። ማንቁርትህን፣ የላይኛውን ከንፈርህንና ከመንጋጋ ሥር ያለውን በሰንጢ አትንካ። ሌላም አለ፦ ስለቷ ስትከፈት የሚይዛት መቆለፊያ ከሌላት ጨርሶ አትሞክር፤ በእርጥብ እጅ ይዘሃት ብትታጠፍ የምታገኘው ጣትህን ነው።

አሁን ወደ ሾፌርህ። መላጨት ዓይን የማያየውን ጭረት ይተዋል፣ ስለቱም ላይ ደም ይቀራል። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ኤች አይ ቪም በደም ይተላለፋል። ሰንጢ ደግሞ ማጠፊያ አላት፤ ሳሙናና ደም እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ በአልኮል የነከረ ጥጥ አይደርስበትም። «አፍልቼ አጸዳታለሁ» እንዳትለኝ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እኛ ጋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በመቶ ዲግሪም ቢሆን ማፍላት በሐኪም ቤት የእንፋሎት ማምከኛ የሚሠራውን አይሠራም። እኔ ሱቄ ውስጥ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ እያየኝ ከወረቀቱ አወጣለሁ። ሾፌርህ ወንድምህ ቢሆንም፣ ወንድምህ ስለሆነም፣ የራሱን ይግዛ።

ሽፍታው የመጣው ፀጉራችን ጥቅል ስለሆነ ነው። በተቃራኒው ጠልቆ የተቆረጠ ጥቅል ፀጉር ጫፉ ሹል ሆኖ ይቀርና ሲያድግ ታጥፎ ቆዳውን መልሶ ይወጋል። እስኪድን አትላጭ። ጠዋትና ማታ በሞቀ ውሃ የነከርከውን ንጹሕ ጨርቅ ያዝበት፣ በመርፌ አትቆፍረው። መግል ከቋጠረ የቆዳ ሐኪም ይየው።

ወደ ደሴ ስትወጣ ሰንጢዋን ይዘህልኝ ና፣ አፏን አይቼ ልንገርህ። ጁምዓ ጠዋት ብቻ አትምጣ፤ ያኔ ጢማቸውን ትተው ከከንፈር በላይ ያለውን በመቀስ የሚያሳጥሩ ደንበኞቼ ተሰልፈው ስለሚጠብቁ በወጉ አንነጋገርም።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ በአባቱ ምላጭ ተደብቆ ሲላጭ አገኘሁት። ገና ለጋ ጢም ነው። ከተላጨ ወፍሮና ጠንክሮ ይበቅላል ይባላልና ልከልክለው?
እናት፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ

መልስ፦ እህቴ፣ ወፍሮ አይበቅልም። የፀጉር ውፍረት የሚወሰነው ከቆዳ ሥር ባለው ሥሩ ነው፣ ምላጭ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ያልተላጨ ፀጉር ጫፉ ይሳሳል፤ ሲቆረጥ ወፍራሙ ወገቡ ጫፍ ስለሚሆን ለእጅ ይሻክራል እንጂ አይለወጥም። መላጨቱን አይከልክሉት፣ አባቱ ቁጭ አድርጎ ያሳየው። የአባቱን ምላጭ ግን ዛሬውኑ ይቀበሉትና የራሱን ይግዙለት።