ፖፖው የት ሄደ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ12 ዓመት ሴትና የ7 ዓመት ወንድ ልጆች አሉኝ። ከካዛንቺስ ተነሥተን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባን ሦስት ወር ሊሞላን ነው። በገባን በሁለተኛው ሳምንት ወንዱ ልጄ ሌሊት አልጋው ላይ መሽናት ጀመረ። ከ4 ዓመቱ ወዲህ አንድም ቀን አምልጦት አያውቅም ነበር። የድሮው ቤታችን አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ ሽንት ቤቱ የስድስት አባወራ የጋራ ስለነበር ሌሊት በፖፖ ነበር የምንጠቀመው። እዚህ ሽንት ቤቱ ቤታችን ውስጥ ነው፤ ፖፖውንም ስንገባ ጣልነው። ልጆቹ የራሳቸው መኝታ ክፍል አላቸው። ታዲያ ምን ጎደለው? ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ስለሆነ አንሶላውን የማጥበው ከጄሪካን እየቀዳሁ ነው። ፍራሹን በረንዳ ላይ ሳሰጣ ጎረቤት ሁሉ ያያል። አባቱ «ሆን ብሎ ነው፤ ቅጣት ነው የሚያስፈልገው» ይላል። እኅቱ «ሽንታም» እያለች ትጠራዋለች። ባለፈው ቅዳሜ እኔም ትዕግሥቴ አለቀና በጥፊ መታሁት። አላለቀሰም። ዝም ብሎ አንሶላውን መሰብሰብ ጀመረ። ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱን ጊዜ ልቤ ጥፊው ላይ ነበር። በሦስተኛው ግን ዓይኔ ፖፖው ላይ ቆመ።

እስቲ ዛሬ ሌሊት አንድ ነገር ሞክሪ። መብራት ሳታበሪ ልጅሽ ከሚተኛበት አልጋ ተነሥተሽ እስከ ሽንት ቤቱ ሂጂ። እርምጃሽን ቁጠሪ። ስንት በር ከፈትሽ? ማብሪያው የት ነው፤ የ7 ዓመት ልጅ እጅስ ይደርስበታል? መብራት የጠፋ ዕለትስ? ካዛንቺስ ሳላችሁ ሽንቱ ሲመጣ እጁን ወደ አልጋው ሥር መስደድ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። የእናቱ ትንፋሽ እዚያው አጠገቡ ይሰማዋል። ለአንቺ ሽንት ቤቱ ቀረበ፤ ለእሱ ራቀ። ስለዚህ ነገ ከሥራ ስትመለሺ ፖፖ ገዝተሽ ግቢ። «ትልቅ ልጅ ሆኖ?» የሚል ሰው ካለ ዝም በይው።

ከሁሉ በፊት ግን ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ለዓመታት ሳያመልጠው ቆይቶ እንደገና የጀመረ ልጅ መመርመር አለበት። ሽንቱን ይዩለት፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንዲህ ያደርጋል። የሆድ ድርቀት ካለበትም ንገሪያቸው፤ የተጠራቀመ ሰገራ ፊኛን ይጫናል፣ ይህን ብዙ ወላጅ አያውቅም። ውሃ ውሃ የሚለው፣ ቀንም ቶሎ ቶሎ የሚሸና፣ የሚከሳ ከሆነ ደግሞ ነገን አትጠብቂ፤ የደም ስኳሩ በዚያው ቀን ይለካ። ምንም ካልተገኘ የቤት መቀየሩ ነገር ይቀራል፤ እሱም ቀላል አይደለም። አንቺ ቤት ነው የቀየርሽው፣ እሱ ግን መንደሩን በሙሉ አጥቷል። ግቢ ውስጥ አብሮት ይሯሯጥ የነበረው ልጅ አሁን የት ገባ? ስልካቸው ካለሽ ደውዪ፤ አንድ እሑድ ይገናኙ።

«ሆን ብሎ ነው» ለሚለው ባለቤትሽ፦ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ሆን ብሎ የሚያደርገው ነገር የለም። በ5 ዓመታቸው ከ100 ልጆች 15 ያህሉ ሌሊት ያመልጣቸዋል፤ ልጅሽ ክፍል ውስጥም እሱ ብቻ አይመስለኝም። በዘርም የሚመጣ ነው፤ ከወላጆቹ አንዱ በልጅነቱ ያመልጠው ከነበረ በልጁም ላይ የመድረሱ ዕድል ወደ ግማሽ ይጠጋል። እንግዲህ አማትሽ በሕይወት ካሉ ቡና አፍልተሽ ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው። እናቶች ይህን አይረሱም።

እኔ በዚህ ጉዳይ ንጹሕ አይደለሁም። ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር ጠዋት ጠዋት ሽንት የሚሸት አንድ ተማሪ ነበረኝ። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ሲይዙ ብልኃት ያገኘሁ መስሎኝ ወደ ኋላ፣ ወደ መስኮቱ አዛወርኩት። ለእሱ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ በዓመቱ ውስጥ እጁን አላወጣም። ልጅሽ ተመትቶ አላለቀሰም ስትዪኝ የመጣብኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ የሆነውን አትተዪው። ብቻውን ሲሆን፣ ፊት ለፊት ሳይሆን አጠገቡ ተቀምጠሽ፣ «የመታሁህ አጥፍቼ ነው፤ ያመለጠህ ጥፋትህ አይደለም» በዪው። ከዚህ ያለፈ አያስፈልግም። «ግን አንተም» ብለሽ ከቀጠልሽ የመጀመሪያውን አፈረስሽው። ወላጅ ልጁን ይቅርታ ከጠየቀ ይናቃል የሚል ደብዳቤ በየጊዜው ይደርሰኛል። እኔ ይቅርታ በመጠየቁ የተናቀ ወላጅ ገጥሞኝ አያውቅም። «ሽንታም» የሚለውን ቃል ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ከቤት አውጪው፤ ሴቷንም አትቆጫት፣ የሆነውን አስረጃት።

አሁን ወደ ጄሪካኑ። ግማሹ ንዴትሽ ከልጁ ሳይሆን ከውሃው እንደሆነ ይገባኛል። ፍራሹን በወፍራም ላስቲክ ሸፍኚው፤ በላስቲኩ ላይ አሮጌ ፎጣ፣ ከዚያ አንሶላ። ፍራሹ ካልረጠበ በረንዳ ላይ የሚሰጣ የለም፤ ጎረቤትም የሚያየው ነገር አያገኝም። የእራት ሻዩን ወደ ቀን አዙሪው፤ ሻይ ሽንት ያበዛል። ውሃ ግን አትከልክይው፣ ቀን በደንብ ይጠጣ። ከመተኛቱ በፊት ሁልጊዜ ይሽና። ሌሊት ከቀሰቀስሽው ደግሞ ፈጽሞ ይንቃ፤ እንቅልፉ ሳይለቀው ተሸክሞ ማሸናት አንሶላውን ያተርፋል እንጂ ልጁን አያስተምረውም። ሳያመልጠው ላደረ ሌሊት ሽልማት አትስጪው፤ በእጁ ያልሆነውን ነው የምትሸልሚው። ሳይነገረው ሸንቶ ሲተኛ፣ ጠዋት አንሶላውን ሲያነሣልሽ «ጎበዝ» በዪው። አንሶላ መቀየሩን ከአባቱ ጋር ተራ ግቡ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያን ልጅ ተንቀጥቅጦ ሲያየው ስለ ቅጣት የሚለው የሚቀየር ይመስለኛል።

በአንድ ሳምንት ለውጥ አትጠብቂ። ከሁለት ወር በኋላም ካልተሻለው ሐኪሙ ጋ ተመለሺ፤ ሕክምና አለው።

አማትሽ ያሉሽን ደግሞ ጻፊልኝ። የባለቤትሽን ስም አላወጣም።