ጥያቄና መልስ፦ የሚና ጨዋታ በስልክና በኔት

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ሚና ጨዋታ ናቸው። ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ ልበል። አንዱ ጨዋታውን ይመራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ። ያሰቡት ይሳካ አይሳካ ዳይስ ይወስናል።

«ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሳለን አምስት ሆነን እንጫወት ነበር። ተመርቀን ተበታተንን። አንዷ መሐል ሜዳ ናት፣ ኔቷ ደካማ ነው። ላፕቶፕ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። በምን እንቀጥል?» (ከደብረ ብርሃን)

በቴሌግራም ጀምሩ። ሁላችሁም ስልክ ላይ አለ፣ አዲስ የሚለመድ ነገር የለውም። ግሩፕ ክፈቱና በቮይስ ቻት ተነጋገሩ። ቪዲዮ ይቅር፤ ዳታ የሚበላው እሱ ነው። የዳይስ ኢሞጂ ብቻዋን ስትላክ ትንከባለልና ከ1 እስከ 6 ካሉት ቁጥሮች አንዱ ላይ ትቆማለች። ቁጥሩን የሚያወጣው ቴሌግራም ራሱ ስለሆነ ላኪው መምረጥ አይችልም። ውጤቱንም ሁሉም ያያል። ጨዋታችሁ ባለ 6 ፊት ዳይስ ብቻ ከሆነ በቃ፣ ሌላ ነገር አትፈልጉ።

ባለ 20 ፊት ካስፈለገ ወደ ዲስኮርድ ሂዱ፤ እንደ ቴሌግራም በግሩፕ የሚጻፍበትና የሚነጋገሩበት አፕ ነው። እዚያ አቭሬ የሚባል ነፃ ቦት፣ ማለትም የታዘዘውን በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ አለ። ዳይሱን ይጥላል፣ ተጨማሪ ነጥቡን ይደምራል፣ ውጤቱን ሁሉም ፊት ይጽፋል።

ገጸ ባሕርያቱ የት እንዳሉ ለሚያሳየው ካርታ የምመርጠው ኦውልቤር ሮዲዮ የተባለውን ድረ ገጽ ነው። አካውንት የሚከፍተው መሪው ነው። ተጫዋቾቹ በተላከላቸው ሊንክ ይገባሉ፣ የስልክ ብራውዘር ይበቃቸዋል። ካርታውን ከመጫናችሁ በፊት ግን መጠኑን ቀንሱት። 10 ሜጋባይት የሆነ ምስል አንድ ሜጋባይት ሆኖም ለጨዋታ በደንብ ይታያል። መሣሪያ ስትመርጡ ሁልጊዜ መሐል ሜዳ ያለችውን ልጅ አስቡ። ለእሷ የከበደ ነገር ለግሩፑም ከባድ ነው።

«ፋውንድሪ ልግዛ ወይስ በሮል 20 ልቀጥል?» (ከደብረ ሲና)

በሮል 20 ቀጥል። ለማያውቃቸው፣ ሁለቱም ካርታውንና ዳይሱን ይዘው የሚና ጨዋታን በኔት የሚያጫውቱ ፕሮግራሞች ናቸው። ፋውንድሪ በጣም የሚያምር ሥራ ነው። ዋጋውም አንድ ጊዜ የሚከፈል 50 ዶላር ነው፣ የሚከፍለውም መሪው ብቻ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የራስህ ሰርቨር ካልተከራየህ ጨዋታው የሚኖረው አንተ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ጓደኞችህም የሚገቡት ወደዚያው ነው። የሞባይል ዳታ ደግሞ ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት አብዛኛውን ጊዜ አያሳልፍም። መብራት ሲሄድ ሁሉም ይወጣል። በሮል 20 ግን ካርታውም ማስታወሻውም እነሱ ሰርቨር ላይ ነው። መብራት ሲመጣ ካቆምክበት ትቀጥላለህ።

«አንዱ ጓደኛችን ጀርመን ነው። በሰዓት እንተላለፋለን።» (ከመሐል ሜዳ)

«ማታ 2 ሰዓት» አትበሉት፣ 20፡00 በሉት። ያ በእነሱ በጋ 19፡00፣ በክረምታቸው 18፡00 ነው። እነሱ በመጋቢትና በጥቅምት አካባቢ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። ብዙውን ጊዜ የምትተላለፉት ያኔ ነው። ዲስኮርድ ላይ የጨዋታውን ቀጠሮ ከያዛችሁ ግን ለእያንዳንዱ በራሱ አገር ሰዓት ያሳየዋል።

«ቦቱ ያዳላል። አምሽተን ስንጫወት አንድም 20 አልወጣልኝም።» (ከሸዋ ሮቢት)

ስሜቱ ይገባኛል፣ ያናድዳል። ግን ሒሳቡን እየው። ባለ 20 ፊት ዳይስ 20 ጊዜ ብትጥል አንድም 20 ሳይወጣልህ የመቅረቱ ዕድል ከመቶ 36 ያህል ነው። አራት ሆናችሁ ከተጫወታችሁ በየምሽቱ አንዳችሁ ይህ ቢደርስባችሁ አይገርምም። አሁንም ካላመንክ የግሩፑን የቆዩ ውጤቶች ወደ ላይ እያወጣህ ቁጠር። በጥቂት መቶ ጥሎሽ ውስጥ እየተስተካከለ ታየዋለህ።

«ታናሽ ወንድሜና ጓደኞቹ ዲኤንዲ የተባለውን የሚና ጨዋታ መጫወት ይፈልጋሉ፣ እንግሊዝኛው ግን ይከብዳቸዋል። ሕጉን በአማርኛ ተርጉሜ ብለጥፈው ያስጠይቀኛል?» (ከአንኮበር)

አያስጠይቅሽም፣ ትክክለኛውን ሰነድ ከያዝሽ። የዲኤንዲ ባለቤቶች መሠረታዊ ሕጉን የያዘውን ኤስአርዲ 5.1 የተባለ ሰነድ በጥር 2015 ዓ.ም. በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀውታል። መተርጎም፣ ማሰራጨት፣ መሸጥም ይቻላል። ግዴታሽ ምንጩን ሰነዱ ላይ በተሰጠው ዓረፍተ ነገር መጥቀስና መተርጎምሽን መግለጽ ነው። በሱቅ የሚሸጡት መጻሕፍት ግን በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገቡም። ሥዕሎቻቸውንና ታሪኮቻቸውን አትንኪ።

ሰነዱ ወደ 400 ገጽ ነው፣ ከገጽ 1 አትጀምሪ። መጀመሪያ ዳይሱ እንዴት እንደሚጣል የሚያስረዳውን፣ ቀጥሎ ውጊያውን ተርጉሚ። አስማቱ ይቆይ። ጉግል ዶክስ ላይ ጻፊውና ልጆቹ እየተጫወቱ ያልገባቸው ቦታ ላይ ኮሜንት ያድርጉ። ጥሩ አማርኛ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ታሪኩንስ ለምን ከሩቅ ታመጣላችሁ? አንኮበር ተራራው ጫፍ ላይ ቆመው ወደ አፋር ቆላ የሚያዩ ልጆች የጀብዱ አገር አላጡም። ከፍ ብሎ የመንዝ ጓሳ አለ፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ያለበት። ታናሽ ወንድምሽ ያንን መንገድ በእርሳስ ይሣለው። በስልክ ፎቶ አንሺና ኦውልቤር ላይ ጫኚው፣ ካርታ ሆነ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ ከልቤ አነባቸዋለሁ።